ለደበዘዘ የፋይበርግላስ ጀልባ፦ ሰም፣ ኮምፓውንድ ወይስ ቀለም?

ከጣና ወጥታ በግንድ ላይ የተቀመጠች አሮጌ ጀልባ አጠገብ የቆመ ሰው ምክር አያጣም። የላቫጆው ልጅ «ሰም ይበቃታል» ይላል። የጋራዡ ቀለም ቀቢ «ጋሼ፣ ካልተቀባች አትሆንም» ይላል። ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ሴራሚክ የሚባል ትንሽ ጠርሙስ ከሻንጣው ያወጣል። ካፒቴኑ ደግሞ በናፍጣ የነከረውን ጨርቅ ይዞ ይመጣና አንዱን ጎን ወልወል አድርጎ «ይኸው፣ አዲስ ሆነች!» ይላል። እውነትም ለዚያች ቀን አዲስ ትመስላለች። በማግስቱ የመንገዱ አቧራ ሁሉ ይለጠፍባትና ከቀድሞው ትብሳለች፤ ትርፉ ናፍጣም ወደ ሐይቁ ይወርዳል።

የካፒቴኑን መንገድ እዚሁ ልተወው። የቀሩት ሦስቱ ሁሉም እውነት አላቸው፤ ግን እያንዳንዳቸው የሚያወሩት ስለ ሌላ ጀልባ ነው። ለአንዷ የሚበጀው ሌላዋን ያበላሻል። ስለዚህ ጣሳ ከመግዛት በፊት መታወቅ ያለበት የጀልባዋ ገላ ምን ያህል እንደ ቀረው ነው።

ወዙ የት ሄደ?

የፋይበርግላስ ጀልባ ገላ ወጥ ነገር አይደለም። ውስጡ በፖሊስተር ሙጫ የራሰ የመስታወት ክር ነው። ከላይ የምናየው ነጭ ወይም ሰማያዊ ደግሞ ጄልኮት ይባላል፤ ያው ፖሊስተር ሙጫ ሆኖ ቀለም የተቀላቀለበት ነው። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። አዲስ ሳለች የምታበራው የተሠራችበት ፎርማ እንደ መስታወት የተወለወለ ስለ ነበረ እንጂ ማንም ስለ ቀባት አይደለም። ፀሐይ ሙጫውን ከላይ ከላይ እየሰበረች ስትሄድ የቀለሙ ብናኝ ያለ መያዣ ይቀራል፤ ጣትን እንደ ጠመኔ የሚያነጣው እርሱ ነው። ለስላሳው ገጽ በጥቃቅን ጉድጓዶች ይሞላል፤ ብርሃንም ቀጥ ብሎ መመለሱ ይቀርና ይበተናል።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በዚያ ላይ ከምድር ወገብ ብዙ አንርቅም፣ ውኃውም የራሱን ድርሻ መልሶ ወደ ጎኗ ይወረውራል። እኔ ጣሳ ላይ «አንድ ዓመት ይቆያል» የሚል ሳነብ በልቤ «ስድስት ወር» እላለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የቆይታ ጊዜያትም በዚሁ ልክ የተቀነሱ ግምቶች ናቸው።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ ምርመራ

ጎኗን በፈሳሽ ሳሙና አጥበው ያድርቁ። ከዚያ በጥቁር ጨርቅ ጠበቅ አድርገው አንድ ጊዜ ይሰቡ። ጨርቁ ካልነጣ ጉዳቱ ቀላል ነው። ከነጣ ደግሞ ያንኑ ቦታ በውኃ ያርጥቡት። ሲርስ የድሮው ቀለም ደምቆ ብቅ ካለ ደስ ይበልዎ፤ ከዱቄቱ ሥር ጤነኛ ጄልኮት አለ፣ በማሽን ሊወጣ ይችላል። ርሶም ከደበዘዘ ጉዳቱ ጠልቋል።

ቀጥሎ ጠርዞቿን ይዩ፦ አፍንጫዋን፣ የኋላ ማዕዘኖቿን፣ ከመድረኩ ጎማ ጋር የምትፋተግበትን ቦታ። ጄልኮት መጀመሪያ የሚያልቀው እዚያ ነው። አረንጓዴ ወደ ቢጫ የሚመታ ገጽና በውስጡ የተጠላለፈ ክር ከታየ እዚያ ቦታ ላይ ጄልኮት የለም ማለት ነው፤ የሌለ ነገር ደግሞ አይወለወልም።

በመጨረሻ 30 በ30 ሴንቲሜትር የሆነች ቦታ፣ ፀሐይ በጣም ከምትመታው ጎን ላይ፣ በእጅ ኮምፓውንድ፣ ማለትም የሞተውን ሽፋን የሚልጠውን ፈጊ ቅባት፣ ይሞክሩ። የዚህች ቁራጭ መልስ ከአሥር ሰው ምክር ይበልጣል።

በውኃው መስመር ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለበት ግን የወዝ ጉዳይ አይደለም፤ ደለልና የቅጠል ቀለም የተወው እድፍ ነው። ኦክዛሊክ አሲድ በውኃ በጥብጦ፣ ጓንት አድርጎ መቀባት፣ አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቆ ማጠብ ነው፤ እጣቢው ወደ ሐይቁ እንዳይሄድ። በረኪና ለዚህ እድፍ እምብዛም አይረዳም፤ ከአሲድ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ መርዛም ጋዝ ይወጣዋል። አንዱን ተጠቅመው «እስኪ ይህንንም ልጨምር» የሚሉ ሰዎች አይቻለሁ። አይጨመርም።

በምን ልንመዝን?

የመጀመሪያው መለኪያ ዘዴው ጄልኮቱን ምን ያህል ይበላል የሚለው ነው። ማንኛውም ፍተጋ ከዚያች ግማሽ ሚሊሜትር ላይ ይወስዳል፤ የተወሰደው አይመለስም። ሁለተኛው፣ ጀልባዋ ስንት ቀን ከውኃ ውጭ ትቆማለች? ወደ ገዳማት እንግዳ የምታመላልስ ጀልባ በጥር ወር አንድ ሳምንት ብትቆም የጠፋው ገቢ ከቀለሙ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ ይህን ወጪ ብዙ ባለቤቶች አይቆጥሩትም። ሦስተኛው፣ ነገሩ ባይሳካ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል ወይ? አራተኛው ዕቃውና ባለሙያው በቅርብ መገኘታቸው ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ በሻንጣ የሚመጣ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ ነው፤ ሁለተኛው ዙር ግን ዘመድ እስኪመጣ ይጠብቃል።

ዋጋ በብር አላስቀመጥሁም። ዛሬ የጻፍሁት በሚቀጥለው ወር ያሳስታል።

ስፋቱን ግን ማስላት ቀላል ነው። 7 ሜትር ርዝመት ያላት፣ ከውኃ በላይ 80 ሴንቲሜትር የምትወጣ ጀልባ ሁለቱ ጎኖቿና ኋላዋ ተደምረው 13 ካሬ ሜትር ያህል ናቸው። ከዚህ በኋላ «ስንት ሊትር?» ለሚለው ጥያቄ ነጋዴው ሳይሆን ሜትሩ ይመልስልዎታል።

ሰም ብቻ

ገና የምታበራ ጀልባ ላላቸው ነው። ደብዛዛ ገላ ላይ ሰም መቀባት ያልታጠበ ፊት ላይ ቅባት እንደ መቀባት ነው፤ ዱቄቱን ያርሰዋል፣ ለሁለት ሳምንት ያሳምረዋል፣ ከዚያ አብሮት ይሄዳል። የካርናውባ ሰም የተባለው የተፈጥሮ ሰም ከሁሉ ደስ የሚል ወዝ ይሰጣል፤ ሙቀት ላይ ግን ደካማ ነው፣ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ቢቆይ ነው። ሰው ሠራሹ የፖሊመር መከላከያ ወዙ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ሦስት አራት ወር ይዘልቃል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሁለቱም ጄልኮቱን አይበሉም፤ ሥራውም የአንድ ቀን ነው።

ኮምፓውንድ፣ ከዚያ ፖሊሽ፣ ከዚያ ሰም

ብዙዎቹ ጀልባዎች የሚያስፈልጋቸው ይህ ነው፤ ብዙ ጥፋት የሚሠራውም እዚሁ ላይ ነው።

ኮምፓውንድ ደቃቅ ፈጊ ያለበት ቅባት ነው፤ የሞተውን ሽፋን ይልጣል። ፖሊሽ ከእርሱ የደቀቀ ሆኖ ኮምፓውንዱ የተወውን ጭረት ያጠፋል። ሰሙ የመጨረሻው ክዳን ነው። የመኪና ቀለም ቤቶች የሚሠሩበት ራቢንግ ኮምፓውንድ ይሠራል፤ ነገር ግን ጄልኮት ከመኪና ቀለም የወፈረ ስለ ሆነ ሻካራውን ዓይነት ይፈልጋል፣ ጊዜም ይወስዳል። ሙሉውን በእጅ አይሞከር፤ 13 ካሬ ሜትር በእጅ የፈተገ ሰው ሁለተኛ ጀልባ ማየት አይፈልግም።

ማሽኑ ፍጥነቱ የሚቀነስ የፖሊሽ ማሽን መሆን አለበት፤ በደቂቃ ከ1,200 እስከ 1,800 ዙር ይበቃል። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አይደለም። መጀመሪያ በሠራኋት ጀልባ ላይ የብረት መሞረጃ ግራይንደር ላይ የሱፍ ንጣፍ አስሬ ጀመርሁ። ያ ማሽን በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ጎኑ ላይ ደህና ሄደ፤ አፍንጫዋ ላይ ስደርስ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፤ እጄን ሳነሣ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል አረንጓዴ ክብ፣ በውስጧ የተጠላለፈ ክር እያሳየች ታየኛለች። ስቱኮውና ቀለሙ፣ ቀለሙን ከአሮጌው ነጭ ጋር ማመሳሰሉም ተጨምሮ፣ ከጎኑ ሁሉ ይልቅ ያቺ ሳንቲም አደከመችኝ። አሁን ጠርዞችን ሁሉ ከመጀመሬ በፊት በወረቀት ፕላስተር እሸፍናቸዋለሁ፤ እነርሱን መጨረሻ ላይ በእጅ እጨርሳቸዋለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥላ ሥር ይሥሩ፤ ገላው ለእጅ የሚሞቅ ከሆነ ኮምፓውንዱ ሳይሠራ ይደርቃል። በአንድ ጊዜ 60 በ60 ሴንቲሜትር ይያዙ። ማሽኑን አይጫኑት፣ አንድ ቦታም አያቁሙት። ከዚያ ወዝ መመለሱን በዓይን ግምት ሳይሆን በሜትር ይለኩት፦ የብረት ሜትሩን ጫፍ ገላው ላይ ቀጥ አድርገው ያቁሙና የቁጥሮቹ ነጸብራቅ በገላው ውስጥ እስከ ስንት ድረስ እንደሚነበብ ይዩ። የደበዘዘ ጎን ላይ ከ3 ወይም 4 ሴንቲሜትር በላይ አይነበብም። ደህና ሲወጣ 30 እና 40 ይነበባል። ሠራተኛ ቀጥረው ከሆነም ክርክር የሚያስቀረው ይህ ነው፤ «አበራ፣ አላበራም» ከማለት «25 እስኪነበብ» ብሎ መዋዋል ይሻላል።

ኮምፓውንዱ ብቻውን ካልቻለ ቀድሞ በውኃ የሚሠራ የብርጭቆ ወረቀት ይገባል፤ በ1,000 ይጀመርና 1,500፣ ከዚያ 2,000። በ600 ወይም በ800 እንዲጀመር የሚመክር ሰው ካለ ጄልኮቱ ምን ያህል እንደ ቀረ ያውቅ እንደ ሆነ ይጠይቁት። ይህ አንዴ የሚደረግ ነገር ነው፤ በየዓመቱ የሚደግመው ሰው በአምስተኛው ዓመት ወደ ቀለም ይሄዳል።

ሁሉም ተደምሮ ለሁለት ሰው ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይወስዳል። ወዙ በየሦስት አራት ወሩ ሰም እየታደሰለት ሁለት ዓመት ገደማ ይዘልቃል። ሰሙ ከተረሳ ስድስት ወር።

በጨርቅ የሚቀባ አንጸባራቂ

እንደ ውኃ የቀጠነ ግልጽ አክሪሊክ ነው፤ ከጸዳ ገላ ላይ በጨርቅ አምስት ስድስት ጊዜ ይቀባል፣ በደቂቃዎች ይደርቃል፣ ጉድጓዶቹን ሞልቶ ያበራል። ማሽን የለ፣ ድካም የለ። በግማሽ ቀን ከተሠራ በኋላ ፎቶግራፉን ያየ ሰው ሁሉ ይገዛዋል።

ፎቶግራፉ የማያሳየው ከዓመት በኋላ ያለውን ነው። ሽፋኑ ቢጫ መሆን ይጀምራል፣ ከዚያ እንደ ቃጠሎ ቆዳ በየቦታው ይላጣል። ያኔ በላዩ መቀባት አይቻልም፤ ሁሉንም በማስለቀቂያ አውልቆ እንደገና መጀመር ነው። ለዚህ ትጉህ የሆነ ሰው ካለ ጄልኮት ስለማይበላ መጥፎ ምርጫ አይደለም። እኔ እንዲህ ያለ ትጉህ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም።

ሴራሚክ

በሲሊካ ላይ የተመሠረተ ጠንካራ ሽፋን ነው፤ ውኃና እድፍ አይዝም፣ ከሰም ብዙ እጥፍ ይቆያል፤ እዚህ አንድ ዓመት ያህል። ሲደርቅ ግን ከሥሩ ያለውን ሁሉ እንዳለ ይቆልፋል። ደብዛዛ ገላ ላይ ከተቀባ ደብዛዛነቱን ጠብቆ ያቆያል። ስለዚህ የኮምፓውንዱ ሥራ አይቀርም፤ ሴራሚክ የሚተካው የመጨረሻውን ሰም ብቻ ነው። ዘመድ አምጥቶት ከሆነ ይጠቀሙበት። ለእርሱ ብሎ ማዘዝ ግን የሚያዋጣው በዓመት ሦስት ጊዜ ሰም የሚቀባ ሰው ለሌለው ባለቤት ነው።

ቀለም

ክሩ በየቦታው ከታየ፣ ወይም ገላው ርሶም ካልደመቀ ወደዚህ ይመጣል፤ የጋራዡ ሰው ትክክል የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ጥያቄው የትኛው ቀለም የሚለው ነው።

የመኪና ኒትሮ ቀለምና የበር ዘይት ቀለም ርካሽና በቅርብ የሚገኙ ናቸው። ሲቀቡ ያምራሉ፤ ፀሐዩን ግን አይችሉትም፣ ዓመት ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ያ ጠመኔ ተመልሶ ይመጣል። አንድ ጊዜ ጀልባ አውጥቶ ለማስቀባት የሚወጣው ጉልበት ከቀለሙ ዋጋ ስለሚበልጥ እዚህ ላይ መቆጠብ አላዋቂነት ይመስለኛል። ባለ ሁለት ጣሳው ፖሊዩሪቴን፣ ማለትም ከማድረቂያው ጋር ተቀላቅሎ የሚቀባው፣ በደንብ ከተሠራ ከአምስት ዓመት በላይ ይቆያል። ለ13 ካሬ ሜትር ሁለት ጊዜ ለመቀባት ሁለት ተኩል ሊትር ገደማ፣ ከሥሩ የሚገባው ኢፖክሲ ፕራይመርም የዚያኑ ያህል ይፈልጋል።

ነገር ግን የዚህ ቀለም ማድረቂያ አይሶሲያኔት የሚባል ኬሚካል አለበት። በኮምፕሬሰር ሲረጭ የሚተነፈሰው ጉም ሳንባን ይጎዳል፣ የማይለቅ አስም ያስይዛል፤ ተራ የአቧራ ጭምብልም ሆነ አፍ ላይ የታሰረ ሻሽ አያድንም። ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያገኝበት መሣሪያ ለሌለው ሠራተኛ «ርጭልኝ» ማለት ተገቢ አይደለም። በሮለርና በብሩሽም ጥሩ ይወጣል፦ አንዱ በስፖንጅ ሮለር ስስ አድርጎ ይቀባል፣ ሌላው ወዲያው ተከትሎ በለስላሳ ብሩሽ ጫፍ ያስተካክላል። እንዲህ የተቀባች ጀልባ ከሦስት ሜትር ርቀት ከተረጨችው አትለይም።

ቀለም የሚያበላሹት ነገሮች የታወቁ ናቸው። የድሮ ሰምና ሲሊኮን ሳይወገድ ቀድሞ በብርጭቆ ወረቀት ከተፈተገ ቅባቱ ጭረቱ ውስጥ ይገባል፤ ቀለሙም በየቦታው እየሸሸ ክብ ክብ ጉድጓድ ይሠራል። ስለዚህ መጀመሪያ በማስለቀቂያ፣ በንጹሕ ጨርቅ፤ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት። ጤዛም ጠላት ነው፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት አይጀመር፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ አይቀባ፤ ሳይደርቅ ጤዛ ያገኘው ቀለም ወዙን በአንድ ሌሊት ያጣል። የላይኛው ቀለም ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ ለሚቆየው ክፍል አልተሠራም፣ ያኩረፈርፋል። የውኃውን መስመር ምልክት የምናደርገው ጀልባዋ ባዶ ሳለች ሳይሆን ሙሉ ተሳፋሪ ይዛ ስትቀመጥ ነው፤ ቀለሙም ከዚያ አምስት ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ይጀምር። ጥቁር ሰማያዊ ወይም ቀይ የሚወድ ሰው ደግሞ ይወቀው፤ ጥቁር ቀለም ሙቀት ይስባል፣ ሲሞቅ የክሩ ጥለት ከሥር እየወጣ ይታያል። ነጭና ክሬም ይቅር ባይ ናቸው።

አዲስ ጄልኮት

ከሁሉ የሚበረታው ይህ ነው፤ ከሁሉ የሚያደክመውም። ጄልኮት አየር እየነካው ከላይ አይደርቅም፣ ሰም የተቀላቀለበት ተጨማሪ ይፈልጋል፤ ከደረቀ በኋላም ገጹ ሸካራ ስለሚሆን እንደ ገና ሁሉንም መፈተግና መወልወል ነው። ጀልባ የሚሠራ ሰው ፎርማውና ልምዱ ስላለው ይችለዋል። ለጥገና ግን የምመክረው ለትናንሽ ቦታዎች ብቻ ነው።

| አማራጭ | ለየትኛው ገላ | ከውኃ ውጭ | የሚቆየው | ጄልኮት ይበላል? | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ሰም ብቻ | ገና ለሚያበራ | 1 ቀን | 1–4 ወር | አይበላም | ዝቅተኛ |
| ኮምፓውንድና ሰም | ሲርስ ለሚደምቅ | 3–5 ቀን | 2 ዓመት፣ ሰሙ ከታደሰ | ይበላል | መካከለኛ |
| ግልጽ አክሪሊክ | ለቀላልና ለመካከለኛ ጉዳት | 1 ቀን | 1 ዓመት፣ ከዚያ ይላጣል | አይበላም | መካከለኛ |
| ኮምፓውንድና ሴራሚክ | ሲርስ ለሚደምቅ | 4–6 ቀን | 1 ዓመት ያለ ሰም | ይበላል | ከፍ ያለ |
| ኒትሮ ወይም ዘይት ቀለም | ላለቀ ገላ | 1 ሳምንት | 1–2 ዓመት | ይሸፍነዋል | መካከለኛ |
| ባለ ሁለት ጣሳ ፖሊዩሪቴን | ላለቀ ገላ | 2 ሳምንት | ከ5 ዓመት በላይ | ይሸፍነዋል | ከፍተኛ |
| አዲስ ጄልኮት | ለትናንሽ ቦታ | 2–3 ሳምንት፣ ሙሉ ገላ ከሆነ | ከ10 ዓመት በላይ | ይተካዋል | ከሁሉ ከፍተኛ |

ለማን የትኛው?

እንግዳ የምታመላልስ፣ ገላዋ ሲርስ የሚደምቅ ጀልባ ያለው ሰው ክረምቱን ይጠቀምበት። ሐምሌና ነሐሴ እንግዳ ይቀንሳል፣ ጀልባዋም ትወጣለች፤ ኮምፓውንድ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ዝናብ እየዘነበም ይሠራል። ቀለም ግን ክረምት አይወድም። መቀባት ያለባት ጀልባ ዝግጅቷ፣ ማለትም ስቱኮውና ፍተጋው፣ በነሐሴ ይለቅ፤ ቀለሙ በመስከረም መጨረሻ ሰማዩ ሲጠራ ይቀባ። እንዲህ ከሆነ ለጥምቀቱ እንግዳ ከመድረሷ በፊት በደንብ ትጠነክራለች።

ገንዘብ የጠበበበት ሰው የሚታየውን ጎን ብቻ ይሥራ። ሙሉውን በርካሽ ቀለም ከመሸፈን ፀሐይ የምትመታውን ጎንና አፍንጫዋን በኮምፓውንድና በሰም ማስተካከል ይሻላል፤ የቀረው ለመጪው ዓመት ይቆያል። በተረፈው ገንዘብ ጀልባዋን ከፀሐይ የሚሸፍን ሸራ ይገዛ፤ ያልተነካ ጄልኮት ከሚታደሰው ርካሽ ነው።

ሠራተኛ ያለው ሆቴል ወይም ማኅበር ሴራሚክ አያስፈልገውም፤ በየሦስት ወሩ የግማሽ ቀን ሰም በደሞዝ ውስጥ ነው።

መረብ የሚጥል ዓሣ አስጋሪ ደግሞ ምናልባት ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ክር የታየበትን ቦታ በኢፖክሲና በቀለም ይድፈን፣ ውኃ እንዳይገባበት፤ የቀረውን ገንዘብ ለሞተሩ ያውለው። ዓሣው የጀልባዋን ወዝ አያይም።

ሊሸጡ ያሰቡ ከሆነ ኮምፓውንድና ሰም ከበቂ በላይ ነው፤ ትኩስ ቀለም ገዢን ያስጠረጥራል። ሊገዙ የሄዱ ከሆነ ደግሞ ጥቁር ጨርቅ በኪስዎ ይያዙ፤ ጎኗ አዲስ ተቀብቶ ካዩም አፍንጫዋ ላይ ያለውን ጠርዝ በጥፍርዎ ጫር አድርገው ከሥሩ ያለው ምን እንደ ሆነ ይጠይቁ።